ስለ ረዳት ተዋንያን ክብር



ዋናው ተዋናይ ሲጨበጨብለት ረዳቱ ይረሳል። ስለዚህ ስለ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስለ ወይዘሮ አግነስ ሙርሄድ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ አግነስ በ1900 ተወለዱ። በራዲዮ ድራማ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1941 በኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ፊልም የባለታሪኩን እናት ሆነው ታዩ። በ1943 በራዲዮ፣ ስልክ ተጠላልፎባት ሰዎች ስለ ግድያ ሲመክሩ የሰማች በሽተኛ ሆነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በድምፃቸው አድማጩን አስጨነቁት። ድራማው በ1948 ፊልም ሲሆን ግን ቦታው ለዝነኛዋ ባርባራ ስታንዊክ ተሰጠ። እርሳቸው አኩርፈው ሥራ አልተዉም። ለኦስካር አራት ጊዜ ታጭተው አንዱንም አላገኙም። ከ1964 እስከ 1972 «ቢዊችድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ የልጃቸውን ባል የሚያስቸግሩ ጠንቋይ አማት ሆነው ሕዝብን አሳቁ። በ1974 ዐረፉ።

በእኔ አስተያየት ተዋናይን የሚያስከብረው የቦታው ትልቅነት ሳይሆን የአሠራሩ ጥራት ነው። የራዲዮ ድራማ አዘጋጆቻችንም ዘበኛ፣ ተላላኪና ጎረቤት ሆነው የሚጫወቱትን ሁሉ ሳይዘነጉ በስም እንዲጠሩልን አሳስባለሁ። ደመወዝ ባይጨመርላቸው እንኳ ስማቸው አይነፈጋቸው።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ