ዊሊያም ጄምስና የቦስተኗ ሙታን ሳቢ

ሳይኮሎጂን ከፍልስፍና ጥላ ሥር አውጥተው ራሱን የቻለ ሳይንስ ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ዊሊያም ጄምስ በ1842 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ተወለደ። በ1869 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመረቀ፤ በሐኪምነት ግን አልሠራም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ፊዚዮሎጂ፣ ከ1875 ጀምሮም ሳይኮሎጂ አስተማረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የፈጀበትና በ1890 የታተመው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፉ ስሙን በዓለም አስጠራው። ይህ ሁሉ በየመማሪያ መጻሕፍቱ ይገኛል። የሙያ ጓደኞቹን ያሳፈረው፣ እሱን ግን ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ያልለቀቀው ጥናት እምብዛም አይወሳም።

በዚያ ዘመን በአሜሪካና በእንግሊዝ ከሙታን ጋር እንነጋገራለን የሚሉ ሰዎች በየከተማው በዝተው ነበር። ብዙዎቹም በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያታልሉ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል። በ1885 ጄምስ ኸርማን የተባለ የአንድ ዓመት ተኩል ልጁን በትክትክ አጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚስቱ እናት ሊዮኖራ ፓይፐር ወደተባለች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት፣ ወደ ቦስተን ሄደው በሰሙት ነገር ተደንቀው ተመለሱ። ጄምስ አስቀድሞ ነገሩ ቀላል ምክንያት እንዳለው ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ኋላ ግን ከባለቤቱ ጋር፣ ስማቸውን ሳይናገሩ፣ ራሱ ሄደ።

ወይዘሮ ፓይፐር ሰመመን ውስጥ ስትገባ ፊኑይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነኝ እያለች ትናገር ነበር፤ ይህ ፈረንሳዊ ግን ፈረንሳይኛው እጅግ ጥቂት ነበር። የሚስቱን አባት ስም፣ ጊበንስን፣ መጀመሪያ ኒብሊን፣ ቀጥላም ጊብሊን አለችው። የሟቹን ሕፃን ስም ደግሞ ኸሪን ብላ ፊደል በፊደል ጠራችው። በተበላሸ የስልክ መስመር መነጋገር የለመደ ሰው ይህን ስሕተት ልብ ሊለው ይገባል። ደካማ ሆኖም እውነተኛ መልእክት እንዲህ ተዛብቶ ይደርሳል፤ ከጠያቂው ፊት እያነበበ ወደ መልሱ የሚጠጋ ገማችም ልክ እንዲሁ ያደርጋል።

ጄምስ ሁለቱን ለመለየት ሃያ አምስት ያህል ሰዎችን በሐሰት ስም ላከባት። ሰመመኑንም መረመረ። በሂፕኖቲዝም ሊያስተኛት ደጋግሞ ሞክሮ በከፊል ተሳካለት፤ በዚህ ጊዜ ጡንቻዎቿ ፈጽሞ ይዝሉ ነበር፤ በራሷ ሰመመን ውስጥ ግን ሰውነቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ይንቀሳቀስ ነበር። ካርድ በማስገመት ባደረገው ሙከራ የሰው ሐሳብ የማንበብ ምልክት አላገኘባትም። በ1887 ከእንግሊዝ የመጣው ሪቻርድ ሆጅሰን አታላዮችን በማጋለጥ የታወቀ ነበርና እሷንና ባሏን ለሳምንታት በመርማሪዎች አስከተለ። ስለ እንግዶቿ ስትጠያይቅ ግን አልተገኘችም።

ጄምስ በዚህች ሴት ዘንድ ከማጭበርበር ሌላ መግለጫ የሚሻ ነገር አለ ብሎ በአደባባይ መናገሩ ዋጋ አስከፍሎታል። ጄምስ ካቴል በ1898 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ነቀፈው። ገና እግሩን ያልተከለ ትምህርት ከጠንቋይ ጋር እንዳይቆጠር የነበረው ሥጋት ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከነቃፊዎቹ መካከል የጄምስን ያህል ጊዜ ከሴትዮዋ ጋር ተቀምጦ የመዘገበ አይገኝም። በ1901 እሷ ራሷ ሙታን በአፏ መናገራቸውን እርግጠኛ አለመሆኗን ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ገለጸች።

ሆጅሰን በ1905 ማብቂያ ላይ በድንገት ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ፓይፐር በሆጅሰን ስም መናገር ጀመረች። በ1909 የጄምስ የቀድሞ ተማሪ ስታንሊ ሆል ከነጭራሹ ያልተፈጠረች፣ ቤሲ ቢልስ የምትባል የእኅት ልጅ ፈልስፎ እንድትጠራለት ቢጠይቅ፣ ሆጅሰን ነኝ ባዩ ልጅቷን አቀረበለት። በዚያው ዓመት ጄምስ ስድሳ ዘጠኝ ስብሰባዎችን የመረመረበትን ሪፖርት አወጣ። የሚናገረው ወዳጁ ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በመግለጫ ረገድ ከተነሣበት ቦታ እንዳልራቀ በዚያው ዓመት ጽፏል። ኦገስት 26 ቀን 1910 በኒው ሃምፕሸር፣ በቾኮሩዋ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ።