ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከሜዳሊያው በኋላ ያሉት ዓመታት

የነርስነት ዲግሪዬን የተማርኩት በአሜሪካ ነው፤ አሁንም በአትላንታ ከተማ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሕሙማንን እንከባከባለሁ። አዘጋጆቹ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ጻፊ ሲሉኝ ሻምበል አበበ ቢቂላን መረጥኩ። የሮምና የቶኪዮ ድሉን የማያውቅ የለም። ያን ድል የተሸከመው ገላ ምን እንደደረሰበት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

የምኖርባት አትላንታ የስፖርት ከተማ ናት። በ1988 ዓ.ም. ኦሊምፒክ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝተውባታል። ኃይሌ የመሮጫው ወለል ድርቀት እግሩን ስላቆሰለው በ5 ሺህ ሜትር ሳይወዳደር ቀረ። እዚህ ሕዝቡ አብዝቶ የሚወደው የአሜሪካ ፉትቦልማ ከዚህ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል። ሬይ ኢስተርሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1979 ለአትላንታ ፋልከንስ በተከላካይነት ተጫወተ። ካቆመ ከዓመታት በኋላ የመርሳት ሕመም ያዘው፤ በ2012 በ62 ዓመቱ ሲሞት አንጎሉ ተመርምሮ ተደጋጋሚ ግጭት የሚያመጣው ጉዳት ተገኘበት። ጭብጨባው ሜዳ ላይ ያበቃል፤ ዕዳው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። የእኛ አበበም ዕዳውን በራሱ መንገድ ከፍሏል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ችሎታውን አይቶ ለማራቶን አዘጋጀው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የቶኪዮ ውድድር አንድ ወር ጥቂት ቀርቶት ሳለ፣ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። እኛ ሆዳቸው የተከፈተ ሕሙማንን ለብዙ ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሱ እንመክራለን። አበበ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨረሰ፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ዓለም ያ ገላ የማይደክም መሰለው።

ነገር ግን ደከመ። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እግሩን ደጋግሞ ይጎዳ ጀመር። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ ሕመሙን ይዞ ተሰለፈ፤ ግማሽ ሳይደርስም አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣ። አበበ ያኔ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተይዞ አደረ። አንገቱ ላይ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ስለነበር እጅ እግሩን ማዘዝ አቃተው። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደና ስምንት ወር ገደማ ታከመ። የእጆቹ ኃይል ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እግሮቹ ግን እንደዚያው ቀሩ።

ያ ሆስፒታል ለእኛ ሙያ ትልቅ ስም ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. የህብለ ሰረሰር ክፍሉን ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ አይቆይም ነበር፤ የአልጋ ቁስልና የሽንት መመረዝ ይገድሉታል። እርሳቸው ሕመምተኛው ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ፤ ፊኛው በንጽሕና እንዲጠበቅ አደረጉ፤ ከአልጋም አውርደው ስፖርት አሠሩት። በ1940 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ያስጀመሩት የዊልቸር ውድድር አድጎ በ1953 ዓ.ም. መስከረም ሮም ላይ ተካሄደ፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ያ ነው። በ1988 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ አትላንታ ያንኑ ውድድር አስተናግዳለች።

አበበም ከዚያ ወገን ሆነ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚነዳ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። በእግሩ ያጣውን በክንዱ ፈለገ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቅሶ በቅዱስ ዮሴፍ ቀበረው።

ወገኖቼ፣ አበበ ከጉዳቱ በኋላ አራት ዓመት ተኩል የኖረውና የተወዳደረው ጥሩ እንክብካቤ ስላገኘ ነው። ከቤት ጣሪያ፣ ከዛፍ፣ ከባጃጅ ወድቆ አንገቱ ወይም ጀርባው የሚጎዳ የመንደራችን ወጣት ወደ እንግሊዝ የሚልከው የለም። የሚያነሳው ጎረቤት፣ የሚያስታምመው እናቱ ናት። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እንወቅ። የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዘን አናንጠልጥል፤ ራሱና አንገቱ ሳይጣመም ሳንቃ ላይ አጋድመን እንውሰድ። አልጋ ላይ የዋለውን በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጥ፤ ቆዳው የቀላበትን ቦታ በየቀኑ እንመልከት። አንገቱ ወይም የላይኛው ጀርባው የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን አጥብቆ ካመመውና ካላበው የደም ግፊቱ አሻቅቦ ይሆናል፤ አንጎል ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ሊያደርስ ይችላል። ቶሎ ቀና አድርገን እናስቀምጠው፤ የጠበቀ ልብሱን እናላላ፤ ሽንቱ ታግዶ ወይም ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እንይ፤ ወደ ሐኪምም እናድርሰው።

ማኅበራችን መንገድና ትምህርት ቤት እንደሠራ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ለጤና ጣቢያችን ጥቂት ዊልቸሮችን፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍልና ለአስታማሚ ቤተሰቦች ሥልጠና ቢያስገባ ብዬ በትሕትና አሳስባለሁ። ሥልጠናውን ለመስጠት እኔ ዝግጁ ነኝ። አበበን የምናከብር ከሆነ የሮጠበትን እግር ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም ወንበር እናስብ።

ቸር ያሰማን።