አበበ ቢቂላ፡ በዊልቸር የጀመረው ሁለተኛ ውድድር

በእግር ኳሱ መንደር ጉልበቱ የተሰበረ አጥቂ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ጫማውን ይሰቅላል፤ ዕድል ከቀናው አሰልጣኝ ይሆናል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ግን ሁለት እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ጨብጦ ወደ ውድድር ተመልሷል። ስለ አበበ ሲወራ ሮም ይነሳል፣ ቶኪዮ ይከተላል፤ ይኼኛው ታሪክ ግን እምብዛም አይወራም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል ቦታ ተወለደ። በልጅነቱ ገና ተጫውቷል፤ ኋላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እየሰለጠነ ሮም ሲገባ የሚያውቀው አልነበረም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሬው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በሚልበት ዋዜማ፣ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና በአምስተኛው ሳምንት ቶኪዮ ላይ 2፡12፡11 በመሮጥ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የሚገርመው ሌላ ነው። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በ8ኛው ቀን እዚያው ከተማ ውስጥ ከ23 አገሮች የመጡ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተከፈተ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው። ቶኪዮም ላይ ከእሱ ድል 18 ቀን በኋላ ተመሳሳይ ውድድር ተካሂዷል። የሐሳቡ አባት በእንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዱ ሰዎችን የሚያክመው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ሐኪሙ ስፖርትን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ በ1940 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ውርወራ ጀመረው። ያኔ አበበ አንድ ቀን በዚያ ግቢ እንደሚያልፍ ማን ይገምታል?

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ምሽት አበበ በደብረ ብርሃን መንገድ ሲያሽከረክር ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጉዳቱ አንገቱ ላይ ስለነበር መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ስቶክ ማንድቪልም ስምንት ወር ታከመ። እግሮቹ አልተመለሱም፤ እጆቹ ግን ዳኑ።

በእጆቹ ታዲያ ምን አደረገ? ተወዳደረ። በ1962 ዓ.ም. በተካሄደው የስቶክ ማንድቪል ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ጠረጴዛ ቴኒስ ከዊልቸር ላይ ቀልድ አይደለም። እግር ያለው ተጫዋች ኳሷ ስትረዝምበት አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል፤ ስታጥርበት ይጠጋል። በዊልቸር ያለው ግን አፀፋውን የሚመልሰው በትከሻውና በክንዱ ብቻ ነው፤ ወገቡ ካልታዘዘው ደግሞ ሚዛኑን መጠበቁ ራሱ ሌላ ትግል ነው። ዓለምን በእግሩ ያስደመመ ሰው በማያውቀው ስፖርት፣ እንደ ጀማሪ፣ ስማቸው ከማይታወቅ ሰዎች ጋር ለመሸናነፍ ተቀመጠ። መቅረት ይችል ነበር፤ ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። ሮምና ቶኪዮ ለዕድሜ ልክ ይበቁት ነበር።

በዓመቱ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ ኖርዌይ ሄደ። እዚያም ቀስትና ራኬቱን አልተወም፤ በዚህ ላይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገብቶ አንደኛ ወጣ። በረዶ በማያውቅ አገር ያደገው የሸዋ ልጅ እንደገና አሸናፊ ሆነ ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ሲገባ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ሳቢያ በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ እስክታገኝ ብዙ ዓመት ጠብቃለች። በ2013 ዓ.ም. ትዕግስት ገዛኸኝ የማየት ችግር ባለባቸው ሴቶች የ1 ሺህ 500 ሜትር ውድድር ወርቁን አጠለቀች። ከተማዋም ቶኪዮ ነበረች። አበበ በስሙ በተሰየመው ስታዲየም ኳስ ለማየት የተቀመጠ ሁሉ የሚያስታውሰው በባዶ እግሩ የሮጠውን ነው። ራኬት ይዞ ዊልቸር ላይ የተቀመጠው አበበም ያው አበበ ነው።