ገንዘብ ቆጥቦ ብርሃን ያጎደለ ሹም

በመንግሥት ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው በታማኝነቱ ነው። የሕዝብን ገንዘብ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሹም ለአገሩ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ታማኝነትና ቁጠባ ብቻቸውን አንድን መሥሪያ ቤት ለመምራት ይበቃሉን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብለን ስላመንን፣ የአሜሪካን የባሕር መብራቶች ለ32 ዓመታት ያስተዳደረውን የእስቴፈን ፕሌዘንተንን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሌዘንተን የደላዌር ተወላጅ ሲሆን፣ በዋሽንግተን ከተማ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በኦገስት 1814 የእንግሊዝ ጦር ወደ ከተማዪቱ ሲገሠግሥ፣ ሚኒስትሩ ጄምስ ሞንሮ የመሥሪያ ቤቱ መዛግብት ወደ ደኅና ስፍራ እንዲወሰዱ መልእክት ላከ። ፕሌዘንተንም ወዲያው ሸካራ ጨርቅ ገዝቶ ከረጢቶች አሰፋና የነፃነቱን ዐዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን፣ የውል ሰነዶችንና የጆርጅ ዋሽንግተንን ደብዳቤዎች ከተተባቸው። የጦር ሚኒስትሩ ጆን አርምስትሮንግ ጠላት ወደ ዋሽንግተን ይመጣል ብሎ ስላላመነ፣ ይህን ጥድፊያ ከንቱ ሽብር ነው ሲል ነቀፈው። ጸሐፊው ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ሰነዶቹን በጋሪ አስጭኖ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በሚገኝ ባዶ ወፍጮ ቤት አኖራቸው። ነገር ግን በአቅራቢያው የመድፍ ፋብሪካ ነበረ፤ ጠላት ፋብሪካውን ለማጥፋት ቢመጣ ሰነዶቹም ከእጁ አያመልጡም። ይህን ባሰበ ጊዜ እንደገና ጋሪ ፈልጎ ከዋሽንግተን 56 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሊስበርግ ወሰዳቸውና በአንድ ባዶ ቤት አስቆለፈባቸው። በዚያው ሌሊት የእንግሊዝ ወታደሮች የምክር ቤቱን ሕንፃና የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ አቃጠሉ። ፕሌዘንተን ደክሞት ተኝቶ ነበርና ከሩቅ ስለ ታየው ቃጠሎ የሰማው በማግሥቱ ነው።

ይህ ትጉህ ሰው በ1817 በገንዘብ ሚኒስቴር አምስተኛው የሒሳብ መርማሪ ሆኖ ተሾመ። በ1820 ደግሞ በሒሳብ ምርመራው ላይ የባሕር መብራቶች አስተዳደር ተጨመረበት። የመብራት ግንብ በባሕር ዳርቻ ወይም በአደገኛ ዐለት ላይ ተሠርቶ በሌሊት ለመርከበኛው መንገዱን የሚያመለክት ነው፤ ግንብ ለመሥራት በማይቻልበት ስፍራ ደግሞ በዚያ ዘመን መብራት የተሰቀለበት መርከብ መልሕቁን ጥሎ ይቆም ነበር። ፕሌዘንተን ሥራውን ሲረከብ ግንቦቹ 55 ነበሩ፤ በ1852 ግን 331 ግንቦችና 42 የመብራት መርከቦች ነበሩ።

ሰውየው የመርከበኛነትም ሆነ የመሐንዲስነት ሙያ አልነበረውም። ስለዚህ መብራቶቹን የመራቸው በሚያውቀው በሒሳብ መንገድ ነው። በየወደቡ ያሉት የጉምሩክ ሹማምንት የአካባቢያቸውን መብራት እንዲቆጣጠሩ አደረገ፤ ግንባታው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች ይሰጥ ነበር። ዋነኛ አማካሪው ዊንስሎ ልዊስ የተባለ የቀድሞ መርከብ አዛዥ ነበር። መንግሥት የልዊስን መብራት በ1812 ገዝቶታል፤ ልዊስ ራሱም ግንብ ለመሥራትና መብራት ለመትከል ከመንግሥት ጋር ይዋዋል ነበር። እንግዲህ አማካሪውና ሻጩ አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። መብራቱ ከቀድሞዎቹ ያነሰ ዘይት ስለሚፈጅ በሒሳብ መርማሪው ዘንድ ተወደደ። ዳሩ ግን ብርሃኑን የሚመልሱት የመዳብ ሳሕኖች ስስና ቅርጻቸው የተዛባ ሲሆን፣ የተቀቡት ብርም በመወልወል ብዛት ይለቅ ነበር።

በዚህ ጊዜ በፈረንሳይ አገር ኦጉስተን ፍሬኔል የተባለው መሐንዲስ፣ በመብራት ዙሪያ የብርጭቆ ቀለበቶችን ደርድሮ የሚበታተነውን ብርሃን ወደ አድማስ የሚልክ ሌንስ ሠራ። ሌንሱም በ1823 በኮርዱዋን ግንብ ላይ ተተከለ። ፕሌዘንተን ግን ዋጋው ውድ ነው በማለት ሳይቀበለው ቀረ። የመርከበኞች አቤቱታ ስለበዛ ምክር ቤቱ በ1838 የባሕር ኃይል መኮንኖችን ልኮ መብራቶቹን ቢያስመረምር ብዙ ጉድለት ተገኘ። ከፈረንሳይ የመጡ ሁለት ሌንሶችም በ1841 በኒው ጀርሲ በናቭሲንክ ተተክለው ብልጫቸውን አሳዩ። ሹሙ ግን የአሜሪካ መብራት ከእንግሊዝ መብራት ባነሰ ወጪ እንደሚጠበቅ በአሐዝ እያስረዳ ይከራከር ነበር።

በመጨረሻ ምክር ቤቱ በ1851 መኮንኖችና ሊቃውንት የተካፈሉበት መርማሪ ጉባኤ እንዲቋቋም አዘዘ። ከቀረቡት ምስክርነቶች አንዱ በኬፕ ሃተራስ ስላለው መብራት ነበር። በዚያ አስጊ ጠረፍ የቆመው መብራት እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሣ፣ መርከበኛው እሱን ሲፈልግ ከአሸዋው ላይ ሊወጣ እንደሚችል አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ገለጸ። በ1852 አስተዳደሩ ከፕሌዘንተን እጅ ወጥቶ የባሕር ኃይል መኮንኖች፣ የጦር መሐንዲሶችና የሳይንስ ሊቃውንት ለሚገኙበት ቦርድ ተሰጠ። ቦርዱ ጠረፉን በ12 አውራጃዎች ከፍሎ ለየአንዳንዱ ተቆጣጣሪ መደበ፤ የፍሬኔልንም ሌንሶች በየግንቡ ማስገባት ጀመረ። የሃተራስ ግንብ በ1854 ወደ 46 ሜትር ከፍ ብሎ ታላቁ ሌንስ ተተከለበት። ፕሌዘንተን በጃንዋሪ 1855 ሞተ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሰው የሚነቅፉት በሌብነት ወይም በስንፍና አይደለም። የቆጠበውም ገንዘብ በእርግጥ ተቆጥቧል። ነገር ግን መብራቱ የተሠራው ለመርከበኛው እንጂ ለመዝገቡ አልነበረም፤ በባሕር ላይ ያለውም ሰው የሚፈልገው ብርሃን እንጂ የተረፈ ሒሳብ አይደለም። የሚያስገርመን፣ በ1814 የሚኒስትር ነቀፋ ሳይበግረው የወፍጮ ቤቱን አደጋ አመዛዝኖ ውሳኔውን የለወጠው ያው ሰው፣ በኋላ ግን በወረቀት ላይ ከሰፈረው አሐዝ አልፎ ለማየት አለመቻሉ ነው።

ስለዚህ ነገ የመንግሥትን ሥራ የምትረከቡ ተማሪዎችም ሆናችሁ ዛሬ በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሹማምንት፣ በጀት በእጃችሁ በገባ ጊዜ ምን ያህል ተረፈ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ገንዘቡ የተመደበለት ሥራ በእርግጥ ተሠርቷልን ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን። መልሱንም ከመዝገቡ ይልቅ አገልግሎቱን ከሚጠብቀው ሰው ዘንድ ታገኙታላችሁ።