የናፍጣ ሞተር አባት፦ ሩዶልፍ ዲዝል

በብርቱ ብርድ ጧት የናፍጣ ጭነት መኪና ለምን አልነሳም ይላል? ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ነጭ ጢስ ይተፋል፤ ከዚያ ጭጭ! የፈጣሪውን ሰው ታሪክ ብናውቅ የብርዱም ነገር ይገባናል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ሄደ። ሩዶልፍን ግን በ12 ዓመቱ ጀርመን አገር አውግስቡርግ ከተማ ወዳሉ ዘመዶቹ ላኩት። እዚያ የተቀበለው ዘመዱ የሂሳብ መምህር ነበር። ልጁም በትምህርቱ ጎብዞ በሙኒክ ከተማ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ።

በሙኒክ ያስተማረው ካርል ፎን ሊንደ የሚባል የታወቀ ፕሮፌሰር ነው። ሊንደ በአንድ ትምህርቱ ላይ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። እንዲህ ያለው ነገር ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ ይመስላል። ዲዝል ግን አልረሳውም። በ1880 ተመርቆ ፓሪስ ውስጥ በሊንደ የበረዶ መሥሪያ ማሽኖች ላይ ሲሠራም ያው ሐሳብ አልለቀቀውም። የእሳቱ ሞተር ፈጣሪ ሥራውን የጀመረው በበረዶ ነው ማለት ነው!

ታዲያ ምን አሰበ? አየር በኃይል ሲታመቅ ይሞቃል። በጣም ከታመቀ ደግሞ ነዳጅ ሲረጭበት ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። በዚህ ሐሳብ በ1893 የፈጠራ መብት አግኝቶ በአውግስቡርግ ፋብሪካ ሙከራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ተረፈ። በ1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ሠራ። አንድ ደቂቃ ብቻ! ሌላ ሦስት ዓመት ለፍቶ በ1897 በተደረገው ምርመራ ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። ይህም ከእንፋሎቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንመለስ። በዛሬው ሞተር አየሩ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ታምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ሲሊንደሩና ፒስተኑ በብርድ ከቀዘቀዙ ግን ብረቱ ሙቀቱን ይሰርቃል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪው ይደክማል፤ ሞተሪኖውም ቀስ ብሎ ስለሚያዞር አየሩ እንደሚገባ አይታመቅም። ብርዱ ከዜሮ በታች ብዙ ሲወርድ ደግሞ በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ማጣሪያውን ይደፍናል። በ1941 መጨረሻ በሞስኮ ግንባር የነበሩ የጀርመን ወታደሮች ከሞተር ሥር እሳት እስከ ማንደድ ደርሰዋል። በእኛም አገር እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ በብርዱ ላይ የአየሩ መሳሳት ይጨመርበታል። ለዚህ ነው ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ከመነሳታቸው በፊት ውስጡን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተገጠመላቸው። በብርድ አገሮችም በቀዝቃዛ ወራት ቶሎ የማይረጋ ናፍጣ ይሸጣል።

ዲዝል ግን ይህን ሁሉ አላየም። የእሱ ሞተሮች ለፋብሪካና ለመርከብ የሚሆኑ ግዙፎች ነበሩ፤ የሚነሱትም በታመቀ አየር ነበር። ሀብታም ቢሆንም ገንዘቡ በከሰሩ ሥራዎች አለቀበት። መስከረም 29 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) ማታ ከቤልጅግ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ጠፋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አስከሬኑ ባሕር ላይ ተገኘ። ከኪሱ በወጡት ዕቃዎች ማንነቱን ያረጋገጠው ልጁ ነው። የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። የናፍጣ ጭነት መኪና ለገበያ የቀረበው እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አለ። ሊንደ ያን ቀን ያስተማረው ለክፍሉ ሁሉ ነው፤ የትኛው ተማሪ ይዞት እንደሚሄድ ግን አያውቅም ነበር። እኛም ስለ ሙቀት ስናስተምር የብስክሌት መንፊያ ይዘን እንግባ። አፉን በጣት ደፍነን ደጋግመን እንግፋና ተማሪዎቹ የመንፊያውን ጫፍ ይንኩት። መሞቁን በእጃቸው ያውቁታል። ከዚያ የናፍጣ መኪና በብርድ ለምን እንደሚያስቸግር እንጠይቃቸው።