የማር ይስሐቅ ሕይወትና የማዕዱ ልክ

በአብነት ትምህርት ቤት ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ በሆነው በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ሦስት መጻሕፍት ይተረጐማሉ። እነርሱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። የመጀመሪያው በደራሲው ስም የሚጠራ ነው። ማር የሚለው ቃል በሱርስት ቋንቋ ጌታዬ ማለት ሲሆን፥ ለቅዱሳንና ለጳጳሳት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ ከሚታወቀው ከንብ ማር ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም የዚህ አባት ማዕድ ከጣፋጭ ነገር ሁሉ የራቀ ነበር።

ማር ይስሐቅ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ7ኛው መቶ ዓመት፥ ቤተ ቀጥራዬ በተባለ አገር ነው። ስሙ የቀጠር ሰዎች አገር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ ስም ዛሬ ኳታር የምትባለውን ልሳነ ምድር ብቻ ሳይሆን፥ በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ዳርቻ ያሉትን ደሴቶችና የባሕር ጠረፎች ጭምር ያጠቃልል ነበር። የዛሬዪቱ ኳታር ዋና ከተማ ዶሐ ናት። በባሕረ ሰላጤው ዐረብኛ ሰፈር ፈሪጅ ይባላል፤ ከዶሐ ሰፈሮችም አንዱ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ነው። ከኢትዮጵያ እንጀራ ፍለጋ ወጥተው በዚያች አገር የሚኖሩ ወገኖች ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚሠሩባት ምድር የኢትዮጵያ መነኮሳት መምህር የበቀለባት መሆኗን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

አገሪቱ ወንዝ የላትም፤ በዓመት የሚጥልባትም ዝናብ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ የጥንት ነዋሪዎቿ ከቴምር፣ ከዓሣና ከግመል ወተት ላይ ኑሮአቸውን መሥርተው ነበር። ምድረ በዳውም ቢሆን ፈጽሞ ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው ዝናብ በጊዜው ከጣለ በቀዝቃዛው ወራት ከአሸዋው በታች ፈግዕ የሚባል፥ ከእንጉዳይ ወገን የሆነና ድንች የመሰለ ምግብ ይበቅላል። ሰዎችም መሬቱ ጥቂት እብጥ ብሎ የተሰነጠቀበትን ቦታ እያዩ ቆፍረው ያወጡታል፤ እስከ ዛሬም በገበያ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ያልዘሩትን የሚበሉበት፥ ያልዘነበ እንደ ሆነም የሚያጡበት አገር ነው።

በዚያ ዘመን በቤተ ቀጥራዬ ጳጳሳት፣ ገዳማትና ሊቃውንት ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ዳዲሾ ቀጥራያ ነው። ይህ አባት በግብፅ አበው ገነት ላይ የጻፈው ትርጓሜ ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ ተመልሶ፥ በኢትዮጵያ ፊልክስዩስ እየተባለ ይነበባል። ስለዚህ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ሁለቱ ከዚያ ደረቅ ጠረፍ ሰዎች አእምሮ የወጡ ናቸው ማለት ነው።

የማር ይስሐቅን የሕይወት ታሪክ ሁለት የሱርስት ጽሑፎች ጠብቀውታል። አንደኛው የባስራው ጳጳስ ኢሾዕድናሕ በ9ኛው መቶ ዓመት ያዘጋጀው የንጽሕና መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው ጸሓፊው ስሙን ያልገለጸበት አጭር ታሪክ ነው። ሁለቱ እንደሚመሰክሩት ይስሐቅ በአገሩ መንኵሶ በመምህርነት ከታወቀ በኋላ፥ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ለጵጵስና መረጠው። ይህ ካቶሊኮስ ከ661 እስከ 680 የመራ ሲሆን፥ በ676 በታሩት ደሴት በዳሪን ጉባኤ አድርጎ የቀጠርን ጳጳሳት ያስታረቀ ነው። ይስሐቅንም በቤተ ዐቤ ገዳም የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመው።

ነነዌ በኢትዮጵያ ምእመን ዘንድ የታወቀች ናት፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ የሚጾመው የሦስት ቀን ጾም በስሟ ይጠራልና። ፍርስራሿ ዛሬ በኢራቅ፥ በሞሱል ከተማ አጠገብ፥ ከጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ይታያል። ይስሐቅ ግን በዚያች ከተማ ከአምስት ወር በላይ አልቆየም። በኋላ ዘመን የተጻፈ ትውፊት እንደሚተርከው፥ ሁለት ሰዎች በብድር ተካስሰው ከፊቱ ቀረቡ። እርሱም አበዳሪው ጊዜ እንዲሰጥ በወንጌል ቃል ቢመክረው፥ አበዳሪው ወንጌልን ለጊዜው ወደ ጎን እንዲያደርገው ጠየቀ። ይስሐቅም ወንጌል የማይሰማበት ወንበር ለእርሱ እንደማይገባ ቈጥሮ መንበሩን ተወ። ኢሾዕድናሕ ግን ምክንያቱን እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ አልፎታል።

ከነነዌ ወጥቶ የሄደው ወደ ቤተ ሁዛዬ፥ ይኸውም ዛሬ በኢራን ደቡብ ምዕራብ ወዳለው አገር ነው። በዚያ በማቱት ተራራ ከባሕታውያን ጋር ተቀመጠ፤ ኋላም ወደ ረባን ሻቡር ገዳም ገባ። ስለ ማዕዱ የሚናገረው ቃል የተገኘው ከሁለተኛው ታሪክ ነው። በሳምንት የሚበላው ሦስት ኅብስትና ጥቂት አትክልት ብቻ ነበር፤ ከኅብስቱም በቀር በእሳት የበሰለ ምግብ አልቀመሰም።

የዚህን ልክ ማነስ ለመረዳት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የግብፅን ገዳማት የጐበኘው ዮሐንስ ካስያን እንደ ጻፈው፥ የዚያ አገር አበው ለአንድ መነኮስ በቀን የሚበቃው ሁለት ደረቅ ኅብስት ነው ብለው ወስነው ነበር፤ ሁለቱ በአንድነት አንድ ነጥር ያህል ይመዝናሉ። ይህ በሳምንት 14 ኅብስት ይሆናል። የኅብስት መጠን ከአገር አገር ቢለያይም፥ ሦስት ከ14 ጋር የሚተካከል አይደለም። ወጥ መተው ደግሞ ሆድን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም የሚመለከት ነው። ድስት የማይጥድ ባሕታዊ እንጨት ፍለጋ አይወጣም፤ እሳት ሲያነድና ዕቃ ሲያጥብ የሚያልፈው ሰዓትም ለንባብና ለጸሎት ይተርፈዋል።

ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ አልቀረም። ይስሐቅ በእርጅናው ዓይኑ ጠፋ። ኢሾዕድናሕ ምክንያቱን ሲገልጽ ንባብ ማብዛቱንና ተጋድሎውን አንድ ላይ ይጠራል። የዛሬ ሕክምና የእርሱን ሕመም መርምሮ ሊፈርድ አይችልም፤ ነገር ግን ቪታሚን ኤ የጐደለው ሰው ዓይኑ እንደሚደክም፥ ይህም ቪታሚን ከቅጠላ ቅጠል ወደ ሰውነት በሚገባ እንዲዋሐድ ጥቂት ቅባት እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። ጸሓፍቱ የቅዱሱን ብርታት ሲያመሰግኑ የከፈለውን ዋጋ አልሸሸጉም። ካየበት ዓይን ይልቅ የሚያስተምርበት አንደበት ተርፎለት ስለ ነበረ፥ ወንድሞች ቃሉን እየሰሙ ይጽፉለት ጀመር። በእስክንድርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ታውሮ ሳለ ያስተምር የነበረውን ዲዲሞስን በማስታወስም ሁለተኛው ዲዲሞስ ብለው ሰየሙት።

ሦስት ኅብስት የበላ ሰው ስለ መብል ሲጽፍ ሁሉም እንደ እርሱ እንዲበላ ያዝዛል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይሳሳታል። እርግጥ ነው፥ ጾምን ከምግባር ሁሉ መሠረት አድርጎ አስቀድሟል። ለአዳም የተሰጠው የመጀመሪያው ትእዛዝ ስለ መብል መሆኑን፥ ጌታም ከጥምቀት በኋላ ሥራውን በጾም መጀመሩን በማስረጃነት ያቀርባል። ዳሩ ግን ደካማ ሰውነትን ከኀይሉ በላይ የሚያስጨንቅ ሰው በነፍሱ ላይ ጨለማ እንደሚያበዛና አሳቡም እንደሚታወክ አስጠንቅቋል። በአንድ ሳምንት ብዙ ሠርቶ ከሚሰለች ይልቅ ጥቂቱን ሳያቋርጥ የሚይዝ እንደሚጸና ጽፏል። ከሁሉ በላይ ያደረገው ርኅራኄን ነው። ፍጹም ልብ ማለት ለሰው፣ ለአዕዋፍ፣ ለአራዊትና ለሚሳቡት ሁሉ፥ ለጠላትም ሳይቀር የሚያዝን ልብ እንደ ሆነ አስተማረ። የገዛ ሆዱን የገታ ለሌላው ሆድ ካልራራ ድካሙ ከንቱ ነው።

እንግዲህ በሕይወቱና በትምህርቱ መካከል ልዩነት ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የለም። ሦስቱን ኅብስት ለራሱ መረጠ እንጂ ለማንም ሕግ አድርጎ አልሰጠም። የማዕዱን ልክ የወሰነው ጥሪውና የሰውነቱ ኀይል ነው፤ ለወንድሙ ግን የራሱን ልክ እንዲፈልግ ተወለት።

የዚህ አባት ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር የተለየች ነበረች፤ መጽሐፉ ግን ድንበሩን ሁሉ ተሻገረ። በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው በማር ሳባ ገዳም አብራሚዮስና ጳጥሪክዮስ የተባሉ መነኮሳት ወደ ጽርእ መለሱት፤ በዐረብኛም በኩል አልፎ ወደ ግዕዝ ደረሰ። በ1983 ደግሞ ሰባስቲያን ብሮክ የተባለው ሊቅ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ጠፍቶ የነበረውን ሁለተኛ ክፍል አገኘ። በ2014 ስለ ኳታር የሱርስት ጸሓፍት የተዘጋጀ የጥናት መጽሐፍ ታትሟል፤ በዝግጅቱም የኳታር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ተሳትፈዋል።

በኢትዮጵያ ቃሉ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም። በዋልድባ ገዳም ክልል እህል አይቀመስም፤ መነኮሳቱም ከሙዝና ከሥራ ሥር የሚሰናዳውን ቋርፍ ይመገባሉ። በየበረሃውም የዱር ቅጠልና ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ባሕታውያን በገድላት በብዛት ይነገራሉ። ማር ይስሐቅ በማቱት ተራራ የኖረውን ኑሮ የሚመስል ኑሮ ስላላቸው፥ መጽሐፉን የሩቅ አገር ሰው ቃል አድርገው አይሰሙትም።

ነገር ግን ማዕዱን የሚመርጠው ባሕታዊው ነው። አኮፋዳውን አንግቦ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ የሰጡትን ይበላል፤ የደረቀችው ኮቾሮ ውስጥ የጤፍም፣ የማሽላም፣ የገብስም እንጀራ ተቀላቅሎ ይገኛል። በዶሐም ሆነ በሌላ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እኅት የጾም ወጥ በፈለገች ጊዜ አታገኝም። አንዱ ሽምብራ ሆዱን ይነፋዋል፤ ሌላው ባቄላ ይጠላዋል፤ ሦስተኛው በሕመም ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይችልም። እነዚህ ሁሉ የማር ይስሐቅን ሦስት ኅብስት ሰምተው ራሳቸውን ከነቀፉ መጽሐፉን በግማሽ ብቻ አንብበዋል ማለት ነው። የታመመው ለንስሓ አባቱ ነግሮ ልኩን ይቀበል፤ ለማኙ ተማሪ ያገኘውን አመስግኖ ከፍሎ ይብላ፤ በባዕድ አገር ያለችውም ከቀረበላት መካከል የሚቻላትን ትለይ። ጤና ያለውና ጥሪው የሚጠራው ደግሞ ከመምህሩ ጋር ተማክሮ ጥቂት በጥቂት ይቀንስ።

ማር ይስሐቅ ዕድሜው ከመሸ በኋላ በረባን ሻቡር ገዳም ዐረፈ፤ በዚያም ተቀበረ። ጸሓፊዎቹ ሲያስታውሱት ከምግቡ ማነስ ጋር ሌላም ነገር አብረው አስፍረዋል፤ ይኸውም ጸጥ ያለ፣ ቸርና ትሑት፥ አነጋገሩም የለሰለሰ ሰው መሆኑን ነው። ሦስቱ ኅብስት ያፈሩት ፍሬ ይህ ነበር፤ ማንኛውም ጾመኛ የማዕዱን ልክ የሚመዝንበት ሚዛንም ይኸው ነው።