ቆማ የተማረችው ሠዓሊ፦ ሱዛን ቫላዶን

በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ፈረንሳዊቷን ሠዓሊ ሱዛን ቫላዶንን ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባችም። ሙያውን የቀሰመችው ሠዓሊዎች ፊት ለሰዓታት ሳትነቃነቅ እየቆመች፣ ለመቆሟም እየተከፈላት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1865 በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትወለድ ስሟ ማሪ ክሌሞንቲን ነበር። አባቷ አይታወቅም። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ልጇን ይዛ ፓሪስ ገባችና ሞንማርት በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ኖሩ። ኪራይ ርካሽ ስለነበር ድሆችና ሠዓሊዎች የሚጎራበቱበት ሰፈር ነው። ልጅቷ በለጋ ዕድሜዋ ሥራ ጀመረች፤ ያልሞከረችው የለም። በመጨረሻ ሰርከስ ገባች፤ በ15 ዓመቷ ገደማ ግን ከከፍታ ወድቃ ተጎዳችና ያም ሥራ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ሞዴል የሆነችው። ሞዴልነት ያን ጊዜ የተከበረ ሥራ አልነበረም፤ ቀላልም አልነበረም። ክንድን ከፍ አድርጎ ወይም ወገብን አዙሮ መቆየት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። አሥር ዓመት ያህል ለፒዩቪ ደ ሻቫን፣ ለሬኖዋር፣ ለቱሉዝ ሎትሬክ ቆመች። በ1883 ሬኖዋር ከሣላቸው የዳንስ ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ከወንድ ጋር የምትደንሰው ለግላጋ ወጣት እሷ ናት። ሎትሬክ ደግሞ ለሽማግሌ ሠዓሊዎች ራቁቷን ስለምትቆም ሽማግሎች አድብተው ባዩዋት በሶስና ስም ጠራት፤ ሱዛን ማለት ሶስና ነው። ቀልድ ነበር። እሷ ግን ስሙን ወስዳ ሥራዎቿን ፈረመችበት።

ከቆመችበት ሆና እጃቸውን ታያለች፤ ከሰሉ ከየት እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚደመሰስ፣ ቀለሙ በምን ተራ እንደሚገባ። ቤቷ ስትመለስ ትሥላለች። በዚያው በ1883፣ በ18 ዓመቷ፣ የራሷን ፊት በፓስቴል ሣለች። ከሬኖዋሯ ቆንጆ ጋር ብታስተያዩት የአንድ ሰው መልክ መሆኑን ትጠራጠራላችሁ፤ ፊቷ ኮስተር ያለ፣ ዓይኗ ቀጥታ የሚያይ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ልጇን ሞሪስን ወለደች፤ ባል አልነበራትም።

አሁን ወደ እጇ ልምጣ። የቫላዶን ጉልበት መስመሩ ላይ ነው። በእርሳስ፣ በከሰል ወይም በቀይ ጠመኔ የአንድን ሰው አካል ዙሪያ ጠንከር ባለ፣ በማያመነታ መስመር ትከባለች። ጥላና ብርሃን እያሻሸች ማስዋብ አይታይባትም። ለሞዴል የምትከፍለው ስላልነበራት የሣለችው የቤቷን ሰዎች ነው፦ እናቷን፣ ልጇን፣ የቤት ሠራተኛዋን፤ ገላ ሲታጠቡ፣ ሲደርቁ፣ ጎንበስ ብለው እግር ሲያሹ። አንዳንዶቻችን ራቁት ሰው የሚታይበት ሥዕል እንደማይመቸን አውቃለሁ። የእሷ ሴቶች ግን ለተመልካች አልተዘጋጁም፤ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ሆዳቸው ይታጠፋል፣ የራሳቸውን ጉዳይ ይዘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቆሞ የሚውል ሰው የቱ ጋ እንደሚደክመው በገዛ ሰውነቷ ስለምታውቅ ነው።

ንድፎቿን ሰብስባ ለታላቁ ሠዓሊ ለኤድጋር ደጋ አሳየች። ደጋ በቀላሉ የሚያደንቅ ሰው አልነበረም፤ የእሷን ግን ገዛት፣ የሕትመት ሥዕልም አስተማራት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የመዳብ ሰሌዳ በለስላሳ ሰም ይቀባል፣ ወረቀት ይነጠፍበታል፣ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይሣላል፤ ሰሙ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ የተነሣበትን ቦታ አሲድ ይበላዋል፤ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። ለደፋር መስመር የተፈጠረ ዘዴ ነው። የወደደችውንም አካል በስስ ወረቀት ገልብጣ በሌላ ሥዕል ውስጥ ትተክለው ነበር። በ1894 ንድፎቿ በፓሪስ ታላቅ ዐውደ ርእይ ቀረቡ።

በ1896 ሀብታም ባል አገባች፤ ችግሩ ቀለለ። ዘይት ቀለምን የሙሉ ጊዜ ሥራዋ ያደረገችው ግን በ1909 ገደማ ነው፤ 44 ዓመት ሞልቷታል። ትዳሩን ትታ በ21 ዓመት ከሚያንሳት ወጣት ሠዓሊ ከአንድሬ ዩተር ጋር ሆነች፤ ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። በዚያ ዓመት ራሷንና እሱን አዳምና ሔዋን አድርጋ ሣለች። ወንዶች ሴትን ራቁቷን ሲሥሉ ዘመናት አልፈዋል፤ ሴት ወንድን እንዲህ ስትሥል ግን ብርቅ ነበር። በኋላ ሥዕሉ ለሕዝብ ሊታይ ሲል አዳም ወገቡ ላይ ቅጠል ተቀባበት። ሔዋን ላይ ቅጠል አልተጨመረም!

በሸራውም ላይ አሠራሯ ያው ነው፤ አካሉን በጥቁር መስመር ትከባለች፣ ውስጡን በደማቅ ቀለም ትሞላለች። በ1923 የሠራችው ሰማያዊው ክፍል የሚባለው ሥዕል ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ወፍራም ያለች ሴት ባለ መስመር ሱሪ ለብሳ፣ ሲጋራ በአፏ ይዛ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፤ እግሯ ሥር መጻሕፍት አሉ። ሌሎች ሠዓሊዎች በዚህ አኳኋን የሚያስተኟት ሴት እርቃኗን ሆና ተመልካችን የምትጠብቅ ናት። ይህችኛዋ ማንንም አትጠብቅም፤ ዕረፍት ላይ ናት።

ልጇ ሞሪስ ኡትሪሎ በወጣትነቱ መጠጥ ጎዳው፤ ብሩሽ ያስያዘችው እሷ ናት። የሞንማርትን ጎዳናዎች እየሣለ ስሙ ገነነ፤ እሷም ለረጅም ጊዜ የእሱ እናት ተብላ ተወሳች።

በ1931፣ በ66 ዓመቷ፣ እንደገና ራሷን ሣለች፦ ፀጉሯ አጭር፣ አንገቷ ላይ ሐብል፣ ጡቷ የተራቆተ። የወደቀውን አላነሣችም፣ የተጨማደደውን አላቃናችም፤ መስመሩ በ18 ዓመቷ እንደነበረው ኮስተር ያለ ነው። በሚያዝያ 1938 አረፈች። ሰማያዊው ክፍልና አዳምና ሔዋን ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፖምፒዱ ማዕከል ስብስብ ውስጥ ናቸው።